አርባ ስድስትና አንድ

ይህን ታሪክ ስጽፍ የተሳሳትኩት ነገር ሊኖር ይችላል። የነገሩኝ ሰዎች ሦስት ናቸው። አንዱ የመንደሩ ጎጆ አርባ ሰባት ነበር ይላል፤ ሁለተኛው «ሃምሳ ገደማ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ቁጥሩን ተወው አንተ ልጅ፣ ቁም ነገሩ ሌላ ነው» ብሎ ተቆጥቶኛል። እኔ ግን ቁጥሩን ከተውኩት ታሪኩ እጄ ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰው አምኜ አርባ ሰባትን ይዣለሁ። የአገሩን ስም ሦስቱም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በዚያ አገር ጥንት የነገሠ አንድ ንጉሥ ነበር አሉ። አንድ ቀን በሰገነቱ ላይ ቆሞ ሲመለከት፣ ፊት ለፊቱ እጅ የሚነሳው ሰው ሁሉ ዘወር ሲል የሚስቅ መሰለው። በእርግጥ ይሳቅ አይሳቅ ያጣራ የለም። ንጉሡ ግን «ከፊት ሲያዩት አንድ፣ ከኋላ ሲያዩት ሌላ የሆነ ሕዝብ አልገዛም» አለ። ነገሥታት ተናደው የሚናገሩትን ጸሐፊዎች ረጋ ብለው ይጽፉታልና ቃሉ ሕግ ሆነ። ሰውን አንድ በአንድ ከፊትና ከኋላ እያገላበጡ መመርመር አድካሚ ስለነበር፣ መማክርቱ ተሰብስበው «ሰውየውን ትተን ቁጥሩን ብንመረምር ይቀላል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በአገሩ ያለ መንደር ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ይነበባል። የጎጆዎቹ ቁጥር ከግራም ከቀኝም ሲነበብ አንድ ከሆነ መንደሩ ታማኝ ነው። ካልሆነ ሁለት ምላስ አለውና ይቃናል።

መቃናት ማለት እንዲህ ነው። በመጨረሻ በተሠራው ጎጆ ምሰሶ ላይ ገመድ ይታሰራል። ገመዱን የሚጎትቱት የመንግሥት ሰዎች አይደሉም፤ መንግሥት በሰው ቤት እጁን አያስገባም። የሚጎትቱት ጎረቤቶቹ ናቸው፣ ከየቤቱ አንድ ሰው። ጎጆው ከወደቀ በኋላ መንደሩ እንደገና ይነበባል፤ አሁንም ካልቀና ቀጥሎ ያለው ይጎተታል።

ንባቡ ራሱ ቀላል ነው። በመንደሩ መስክ ላይ በአንድ መስመር ስምንት ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ ልክ እንደ ገበጣ ጉድጓድ፣ ግን ትልልቅ። ከየጎጆው አንድ ድንጋይ ይመጣል። ድንጋዮቹ በቀኝ ጫፍ ካለው ጉድጓድ ይገባሉ። እዚያ ያሉት አንድ ነዶ፣ ማለትም የተወሰነ ቁጥር፣ ሲሞሉ ጉድጓዱ ይራገፍና፣ ስለ ነዶው አንድ ድንጋይ ብቻ በስተግራ ወዳለው ጉድጓድ ይገባል። ያኛውም ነዶ ሲሞላ እንዲሁ ወደሚቀጥለው። ነዶው አስር ከሆነ አርባ ሰባት ጎጆ ያለው መንደር በግራው ጉድጓድ አራት፣ በቀኙ ሰባት ድንጋይ ይኖረዋል። ነዶው ስምንት ከሆነ ግን ያው መንደር፣ ያው ጎጆ፣ ያው ጭስ፣ አምስትና ሰባት ይሆናል።

ድሮ የተፈቀደው ነዶ አስር ብቻ ነበር። ያሁኑ ንጉሥ አባት ቸር ነበሩና «ማንኛውም መንደር የነዶውን ልክ ራሱ የመምረጥ መብት አለው፤ ያልሞላ ነዶ ግን ነዶ አይደለም» ብለው በነጋሪት አስነገሩ። ቀኑ የነዶ ቀን ተብሎ በየዓመቱ በደስታ ይከበራል። ደስ ያላለው ሰው ስሙ ይመዘገባል።

በዚህ አገር ሰንበሌጥ የሚባል መንደር ነበር፤ በመንደሩም አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ሣር ማጨድ ነው። አጭዳ፣ ነዶ አስራ፣ ቤት ለሚከድኑ ሰዎች ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው በወንድሟ በይርዳው ጓዳ፣ በጎታውና በጥጃው መካከል ነው። እግሯን ስትዘረጋ ጎታው፣ ስትሰበስብ ጥጃው። በአስረኛው ዓመት ከመንደሩ ጫፍ ቦታ ተመርታ የራሷን ጎጆ ቀለሰች። ቦታውን የፈቀዱላት ጭቃሹሙ በሪሁን ናቸው፤ የፈቀዱትም የራሳቸውን ጎጆ በእሷ ሣር በነፃ ካስከደኑ በኋላ ነው። መፍቀዳቸውን እንጂ መቁጠር እንዳለባቸው አላሰቡም።

ሰንበሌጥ ከዚያ በፊት አርባ ስድስት ጎጆ ነበረው። አርባ ስድስት በአራት ነዶ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው። ከግራ ቢሉት ከቀኝ ያው ነው። መንደሩ በዚህ ቁጥር ለብዙ ዓመት በሰላም ሲነበብ ስለኖረ፣ ሰው ቁጥሩ ከሰማይ የተሰጠው ይመስለው ነበር። የአትጠገብ ጎጆ አርባ ሰባተኛ ነው።

የንባቡ ቀን ጠዋት ሁለቱ አንባቢዎች ደረሱ። አንደኛው አፈ ግራ ይባላሉ፣ ከግራ ያነባሉ። ሁለተኛው አፈ ቀኝ ይባላሉ፣ ከቀኝ ያነባሉ። አፈ ግራ ሕጉን በቃላቸው የያዙ ረጅም ሰው ናቸው። አፈ ቀኝ አጭር ናቸው፤ የያዙት የየመንደሩን ወጥ ጣዕም ነው። እንዳይመሳጠሩ ተብሎ እርስ በርስ መነጋገር በሕግ ተከልክለዋል። ስለዚህ አስራ ስምንት ዓመት አብረው ሲዞሩ አንዱ ለሌላው የሚለውን በመንደሩ ጭቃሹም በኩል ነው የሚያስነግሩት፣ ሁለት ክንድ ርቀው ቆመው እንኳ። ከኋላቸው ሁለት ገመድ ያዦች ይከተላሉ። የዚያን ቀን ገመዱ ላይ የደረቀ ሣር ተሰክቶ ነበር፤ በዋዜማው ገደል አፋፍ በሚባለው ባለ አስራ ዘጠኝ ጎጆ መንደር አንድ ቤት ጥለው መምጣታቸው ነው።

ሰንበሌጥ እንደ ልማዱ አራት ነዶ አለ። አፈ ግራ ከግራ ጫፍ ተነሱ።

«ሁለት። ሦስት። ሦስት።»

አፈ ቀኝ ከቀኝ ጫፍ ተነሱ።

«ሦስት። ሦስት። ሁለት።»

መሐል ላይ ሲገናኙ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ሕጉ ገና ስላልወሰነ፣ ሁለቱም እንደ ወትሮው ቆሙ፤ ከዚያም ፊታቸውን አዙረው ሆድ ለሆድ ተሻሽተው አለፉ።

«ጭቃሹም» አሉ አፈ ቀኝ። «ያች ሁለት ሦስት ሁለታችሁ የት ሄደች?»

የጭቃሹሙ የበሪሁን ዓይን ገና ቢጫ ወደሆነው የአትጠገብ ክዳን ሄደ። የሰው ሁሉ ዓይን ተከተላቸው። ገመድ ያዦቹም አይተው፣ ሳይታዘዙ ገመዳቸውን አንስተው ሄደው ከደጇ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«በር ላይ ያለው ሰፌድ ላይ ቆሎ አለ» አለቻቸው አትጠገብ ከመስኩ ሆና። «ብሉ። ጎጆውን ብትጥሉት ለማን ይተርፋል።»

በሉ።

ሕጉ ግን ጊዜ ይሰጣል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ መንደሩ የፈለገውን ነዶ መሞከር ይችላል። ሞከሩ። በሁለት ነዶ ስድስት ጉድጓድ ያዘ፤ አፈ ግራ «አንድ፣ ባዶ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ» ሲሉ አፈ ቀኝ ባዶዋን ከወዲያ በኩል በአምስተኛው ላይ አገኟት። በሦስት ነዶ አንድ፣ ሁለት፣ ባዶ፣ ሁለት ሆነ። በአምስት አንድ፣ አራት፣ ሁለት። በስድስት ነዶ አንድ፣ አንድ ብሎ ጀመረና ሰው እፎይ ሊል ሲል አምስት መጣ። በሰባት ስድስትና አምስት። በዘጠኝ አምስትና ሁለት።

«አንድ ጎጆ ብንጨምርስ?» አለ ይርዳው። «አርባ ስምንት በሰባት ነዶ ስድስትና ስድስት ነው። አሁን ተረባርበን ብንቀልስ እስከ ማታ...»

«በንባብ ቀን መገንባት ክልክል ነው» አሉ አፈ ግራ።

«ማፍረስስ?»

«ማፍረስ የንባቡ አካል ነው።»

እኩለ ቀን ሲቃረብ ነዶው ሃያ ሁለት ደረሰ። ሁለትና ሦስት ሆነ። ይሄኔ የይርዳው ሚስት ስንዱ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ወደ ጭቃሹሙ ቀረበች። ስንዱ ምላሷ የማይዝል ሴት ናት።

«ጭቃሹም፣ እንዲህ በሏቸው። በአስራ አምስት ነዶ ሦስትና ሁለት ሆኖ አልነበረም? አሁን በሃያ ሁለት ሁለትና ሦስት ሆነ። እንግዲያው ሁለት መስመር እንቆፍር። አፈ ግራ የአስራ አምስቱን ከግራ ያንብቡ፣ አፈ ቀኝ የሃያ ሁለቱን ከቀኝ ያንብቡ። ሁለቱም ሦስት፣ ሁለት ይላሉ። ለሁለት ሰው ሁለት መስመር ቢሆን ማን ይጎዳል?»

አፈ ቀኝ ምሳ ሸቷቸው ስለነበር ሐሳቡን ወደዱት። «ለወዲያኛው ንገረው» አሉ ለጭቃሹሙ፣ «ሴትዮዋ የተናገረችው ክፋት የለውም።»

«ለወዲያኛው ንገረው» አሉ አፈ ግራ፣ «እንዲህ ያለ ንባብ የተፈቀደው ለዋናው ከተማ ብቻ ነው።»

ምሳ ሆነ። አንባቢዎቹ ጭቃሹሙ ቤት ገቡ። አትጠገብ ጉድጓዶቹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ድንጋዮቹን ታያለች። ይርዳው መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ከየቤቱ አንድ ሰው ነው የሚጎትተው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ከገመዱ ፊት እንዳያቆሙኝ ጭቃሹሙን ለምኛለሁ። ከኋላ ነኝ።»

«ከኋላ የቆመ አይጎትትም?»

ይርዳው «ምንም ቢሆን ጓዳው አለ፣ እቴ» አላት።

«ጓዳው የለም» አለች ስንዱ ከኋላው። «ጥጃዋ ላም ሆናለች። አትጠገብ፣ እኔ ለአንቺ ክፉ አስቤ አይደለም። ግን ዘጠኝ ዓመት ባልና ሚስት በሹክሹክታ ስንጣላ ኖርን። ሰው በቤቱ ጮኾ ካልተጣላ ምኑን ተጋባ? ያንን ጎጆ እንደምንም አትርፊው።»

«በምን ላትርፈው?»

«እኔ ምን አውቄ። ነዶ የምታስሪ አንቺ ነሽ።»

ከሰዓት በኋላ ንባቡ ቀጠለ። በሃያ ሦስት ነዶ ሁለትና አንድ። በሃያ አራት አንድና ሃያ ሦስት። በሃያ አምስት አንድና ሃያ ሁለት። በሃያ ስድስት አንድና ሃያ አንድ። እዚህ ላይ ጭቃሹሙ በሪሁን እጃቸውን አራገፉ።

«በቃ፣ ጌቶች። ከመንደሩ እኩሌታ የሚበልጥ ነዶ የት አገር አለ? ሕዝቡን ባናደክመው። ገመዱም ተዘጋጅቷል።»

አትጠገብ ግን ዓይኗን ከቀኙ ጉድጓድ አልነቀለችም። ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ አንድ። ነዶው በአንድ ሲወፍር የተረፈው በአንድ ይቀንሳል። ይህን እጇ ያውቀዋል። ሣር ስታስር ነዶውን ባጠበበች ቁጥር መሬት ላይ የሚቀረው ይበዛል፤ ባሰፋች ቁጥር የሚቀረው ያንሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሲመሽባት ያጨደችውን ሁሉ በአንድ ነዶ ትጠቀልልና አንዲት ዘለላ ብቻ ትቀራለች። ያችን ጥርሷ ላይ ነክሳ ወደ ቤቷ ትገባለች።

«በአርባ ስድስት ይነበብልኝ» አለች።

«ምኑ?» አሉ ጭቃሹሙ።

«ነዶው አርባ ስድስት ይሁን።»

ሰው ሳቀ። ገመድ ያዦቹም ቆሎ እንደያዙ ሳቁ።

«መንደሩን እንዳለ ልትጠቀልይው ነው?» አሉ ጭቃሹሙ።

«ገበያ ላይ ነዶሽ ምን ያህል ነው ሲሉኝ ክንዴ የቻለውን ያህል ነው እላለሁ። የክንድ ልክ በሕጉ ተጽፏል?»

አፈ ግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሕጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በከንፈራቸው ሲወጡት ለመንደሩ ሰው ረጅም ጊዜ መሰለው። ዓይናቸውን ሲገልጡ «አልተጻፈም» አሉ።

አርባ ስድስቱ ድንጋዮች ተነሱ። ስለ እነሱ አንድ ድንጋይ በግራው ጉድጓድ ገባች። በቀኙ አንድ ቀረች።

«አንድ። አንድ» አሉ አፈ ግራ።

«አንድ። አንድ» አሉ አፈ ቀኝ።

ሁለቱ አንባቢዎች በአስራ ስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ከዚያ አፈ ቀኝ ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ አፈ ግራ ግን ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ለወዲያኛው ንገረው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማኅተሙን ይመልሰው። ባለ ሃምሳ ጎጆ መንደር በአርባ ዘጠኝ ነዶ ቢነበብ ምን ይሆናል ብለህ ጠይቀው።»

ጭቃሹሙ ሊጠይቁ ዞሩ፤ ስንዱ ግን ቀደመች። «አንድና አንድ። መቶውም በዘጠና ዘጠኝ አንድና አንድ። የገደል አፋፎቹ አስራ ዘጠኝም በአስራ ስምንት አንድና አንድ ይሆን ነበር። ትናንት ቤቱ የወደቀበት ሰውዬ ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን?»

«ለወዲያኛው ንገረው» አሉ አፈ ግራ። «ይህ ዛሬ ትክክል ከሆነ ትናንትም ትክክል ነበር። ትናንት ትክክል ከነበረ፣ እኛ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስንሠራ ነበር በለው።»

አፈ ቀኝ አሰቡበት። «ምሳ ስንበላ ነበር በለው» አሉ።

ነገሩ የቸገረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተነበበ አይታጠፍም ይላል ሕጉ፤ ስለዚህ ጎጆውን መጣል አይቻልም። ንባቡን ከተቀበሉት ደግሞ በአገሩ ታማኝ ያልሆነ መንደር አይኖርም፣ ኖሮም አያውቅም ማለት ነው። ይህ የንጉሡን ቃል መንካት ነው። ፀሐይዋ ኮረብታውን ስትነካ አፈ ግራ ከድንጋዩ ተነሱ። ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

«ለወዲያኛው ንገረው። መስመሩ አንድ ነዶና አንድ ይላል። ነዶ ማለት የታሰረ ነው፤ አርባ ስድስቱ ታስረዋል፣ መንደር ናቸው። አንዷ ከነዶው ወጥታለች። ከነዶ የወጣ ከመንደር ወጣ። ስለዚህ የሴትዮዋ ጎጆ ከዛሬ ጀምሮ ራሱን የቻለ መንደር ነው። አርባ ስድስት በአራት ነዶ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው፤ ይታተም። አንድ ደግሞ ያለ ነዶም አንድ ነው፤ ይታተም። ከእንግዲህም ማንም መንደር ከራሱ ቁጥር በአንድ ያነሰ ነዶ እንዳይመርጥ። ስለ ትናንት የሚጠይቅ ትናንት ይጠይቅ ነበር።»

«አርባ ስድስቱ ይስማማሉ?» አሉ አፈ ቀኝ፤ እንዲህ ብሎ መጠየቅም ሕግ ነው።

«ይስማማሉ» አሉ ጭቃሹሙ በሪሁን፣ ማንም አፉን ሳይከፍት። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ጫኑ። «እሰየው። ወደ ድሯችን ተመለስን።»

የአትጠገብ ጎጆ አልወደቀም። በዙሪያው ግን የአመድ መስመር ተሰመረ፤ ድንበር ነው። ከዚያ አፈ ግራ የአንድን መንደር ግዴታ በዝርዝር አነበቡላት። መንደር የራሱ ጭቃሹም ይኖረዋል፤ እሷ ናት። የራሱ መስክና ስምንት ጉድጓድ ይኖረዋል፤ ትቆፍራለች። የራሱ ገመድ ይኖረዋል። ከሌላ መንደር ምንጭ የቀዳ ከነእንስራው ይያዛል። የሌላ መንደር ሬሳ የተሸከመ ይቀጣል፤ መንደር የራሱን ሰው ራሱ ይቀብራል።

«እኔ ስሞት ማን ነው የሚቀብረኝ?» አለች አትጠገብ።

«መንደርሽ» አሉ አፈ ቀኝ።

«መንደሬ እኔ ነኝ።»

አፈ ቀኝ ከልባቸው አዘኑላት። «እንግዲያው አትቸኩይ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ለአትጠገብ ከጓዳው ዘመን የከፋ ነበር። ውኃ ከሩቅ ወንዝ ትቀዳለች። ሰላምታ የሚሰጣት ሰው ከአመዱ ወዲያ ቆሞ ነው። ይርዳው ማታ ማታ ይመጣና ድንበሩ ላይ ተቀምጦ «እንዴት ዋለ መንደሩ?» ይላታል፤ «ሕዝቡ ደህና ነው፣ ወገቡን ትንሽ አሞታል» ትለዋለች። ይስቃሉ። ሲሄድ ግን ሳቋ አብሯት አይቆይም፤ በቀን አስር ጊዜ ጎጆውን እየዞረች ታያለች፤ ተርፏል፤ ለምን እንደተረፈ ግን እየጠፋባት ሄደ።

በዚህ ወር ጭቃሹሙ በሪሁን የመንደሩን ሰው ለጉልበት ሥራ ጠሩት። የራሳቸው በረት ክዳን አርጅቷል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ሦስት ቀን ይሥራ አሉ። በማግስቱ ስንዱ አመዱ ጠርዝ ላይ መጥታ ቆመች።

«አንቺ፣ አሁን ጭቃሹም ነሽ?»

«ነሽ አሉኝ።»

«ያ ረጅሙ ሰውዬ ሲያነብልሽ ሰምቼዋለሁ። ድንበር የነካ ጎጆ ከሁለቱ መንደር ወደፈለገው መግባት ይችላል፤ የሚቀበለው ጭቃሹም አውራ ጣት ይበቃል አላለም?»

«ብሏል።»

«የእኛ አጥር አመድሽን ይነካል።» ስንዱ ግራና ቀኝ አየች። «ወደ ጓዳዬ አትምጪብኝ እንጂ፣ እኔ ወደ መንደርሽ ልምጣ።»

አትጠገብ ስቃ ስታበቃ አውራ ጣቷን ጥላሸት ነክራ ጫነች። አመዱ ከደጇ ተጠርጎ በይርዳው ጎጆ ወዲያ ማዶ ተሰመረ። የተንቀሳቀሰ ምሰሶ የለም፣ የተነቀለ ማገር የለም፤ አመዱ ብቻ ሄደ። አሁን አመዱ የሸማኔውን አጥር ነካ። ሸማኔው ሁለት ቀን አሰበና መጣ። ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወንድማማቾች አላሰቡም። ምንጩ ዳር ያለው ጎጆ ሲገባ ምንጩም አብሮ ገባ፤ መቃብሩ አጠገብ ያለው ሲገባ መቃብሩ። ክረምቱ እስኪወጣ አመዱ መንደሩን እንደ ጥላ ቀስ እያለ አለፈው።

ጭቃሹሙ በሪሁን ጠዋት ጠዋት ሲወጡ አመዱ ቀርቧቸው ያገኙታል። ለበላይ እንዳያመለክቱ «የት ነበርክ?» መባል አለ። ዝም እንዳይሉ መንደሩ እያለቀባቸው ነው። ዝም አሉ። በመጨረሻ አመዱ የራሳቸውን በር ነክቶ ሲቆም በትራቸውን ይዘው ወደ አትጠገብ ወረዱ።

«አትጠገብ።»

«ይግቡ፣ አያ በሪሁን። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «እኔም ድንበር ነክቻለሁ» አሉ። «በሕጉ መሠረት።»

አትጠገብ አውራ ጣቷን አየችው። ጥላሸቱ ከወር በላይ ሆኖታል፣ አይለቅም። ልታዝንላቸው ሞክራ ትንሽ አዘነችም። ግን ቤቱን በሙሉ ቆጥራዋለች፤ ሁለት ጊዜ ቆጥራዋለች።

«አያ በሪሁን፣ እርስዎን ስቀበል ስንት እንደምንሆን ያውቃሉ?»

ጭቃሹሙ በጣታቸው ጀመሩ፣ ተዉት። ያውቁታል።

በቀጣዩ ዓመት የንባብ ቀን አንባቢዎቹ መጥተው በመጀመሪያ ትልቁን መንደር አነበቡ። አርባ ስድስት ጎጆ፣ በአራት ነዶ። «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት» አሉ አፈ ግራ። «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት» አሉ አፈ ቀኝ፣ እንደ ጠፋ ዘመድ ያገኙት ይመስል እየተፍለቀለቁ። ለማን እንደታተመ የጠየቀ የለም፤ ቁጥሩ ልክ ነበር። ከዚያ አመዱን ተሻግረው ትንሹን መንደር ሊያነቡ ሄዱ። ጭቃሹሙ በሪሁን ብቻቸውን በቆፈሯቸው ስምንት ጉድጓዶች ጫፍ፣ ገመዳቸውን በክንዳቸው ጠምጥመው፣ አንድ ድንጋይ አስቀምጠው ቆመው ነበር።

«አንድ» አሉ አፈ ግራ።

«አንድ» አሉ አፈ ቀኝ። ከዚያም የሚያናግሩት ሌላ ሰው ስላልነበረ ወደ ጭቃሹሙ ዞሩ። «ምሳ የት ነው?» አሉ።

አትጠገብ የኖረችው በዚያው ጎጆ ነው፣ እስከ ዕለተ ሞቷ። የቀበሯት አርባ አምስት ቤት ሰዎች ናቸው ይባላል።

ይህን እኔ ማረጋገጥ አልችልም። ያረጋገጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባቄላ ይዤ ተቀምጬ ከአራት እስከ መቶ ያለውን ቁጥር ሁሉ በተፈቀደው ነዶ ሁሉ አነበብኩት፣ አፈ ግራ የከለከሉትን ብቻ ትቼ። በየትኛውም ነዶ ከግራና ከቀኝ አንድ ሆኖ የማይነበብ ቁጥር ሰባት አገኘሁ፤ አራት፣ ስድስት፣ አስራ አንድ፣ አስራ ዘጠኝ፣ አርባ ሰባት፣ ሃምሳ ሦስት እና ሰባ ዘጠኝ። ከስድስት የሚበልጡትን አምስቱን ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለስንትም ላካፍላቸው ሞከርኩ። አንድ በአንድ ካልተበታተኑ በስተቀር እኩል አይከፈሉም።